ለወሊድም ሜክአፕ (የማካካሻ ፈተና) ይኑር፦ እርጉዝና አራስ የነርሲንግ ተማሪዎችን ስለሚመለከተው ማስታወቂያ ለኮሌጃችን አመራር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለኮሌጃችን ዲን፣ ለአካዳሚክ ክፍል ኃላፊና ለማኔጅመንት አባላት

የተከበራችሁ ኃላፊዎቻችንና መምህራኖቻችን፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በጥቅምት መጨረሻ ከሬጅስትራር በር አጠገብ በለጠፋችሁት ማስታወቂያ ምክንያት ነው። ማስታወቂያው አንድ ገጽ ነው፤ ሦስት ነገር ይላል። በሴሚስተር መካከል የምትወልድ ተማሪ ዊዝድሮው (የማቋረጫ ፎርም) ሞልታ በሚቀጥለው ዓመት ከአዲሱ ባች ጋር ትቀጥላለች፣ የከፈለችውም አይያዝላትም። እርጉዝ ሆና አታችመንት (የሆስፒታል የተግባር ልምምድ) የምትወጣ ተማሪ ለሚደርስባት ነገር ሁሉ ኃላፊነቱን ራሷ እንደምትወስድ ፎርም ትፈርማለች፣ ከአዳር ዱቲም (ከሌሊት የሥራ ተራም) ነፃ አትሆንም። ልጅ ይዞ ወደ ግቢ መግባት ክልክል ነው።

ያነበብኩት አመሻሽ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ክፍል ልገባ ስል ነው። አጠገቤ የቆመችው የክፍሌ ልጅ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ አድርጋ ምንም ሳትናገር ገባች። የዚያን ቀን የተማርነው በእርግዝና ጊዜ ስለሚከሰት የደም ግፊት ነበር። እሷ ደብተሯ ላይ አንድ መስመር አልጻፈችም።

ስሜን እዚህ ላይ ያላሰፈርኩት ከእናንተ ለመደበቅ ብዬ አይደለም። ሁለት ጊዜ ቢሮ ድረስ ያመጣሁት ማመልከቻ ላይ ስሜም ስልኬም አለ። ሁለቱንም ጊዜ "ይታያል" ተብዬ ተመልሻለሁ። በግልጽ ለመጻፍ የወሰንኩት ጉዳዩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው።

እኔ የሁለተኛ ዓመት የማታ ተማሪ ነኝ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ሦስት ዓመቱ፣ ትንሿ ስምንት ወሯ። በ2017 መስከረም ስመዘገብ የሦስት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ሰፊ ሹራብ ለብሼ ነው ፎርም የሞላሁት፣ ምክንያቱም ከእኔ በፊት ለመመዝገብ የመጣች አንዲት ሴት "ከወለድሽ በኋላ ነይ" ተብላ መመለሷን ሰምቼ ነበር። መደበቄ ትክክል አልነበረም። ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ውስጥ ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር ስንለማመድ እንደማንኛውም ተማሪ አንስቻለሁ፣ አንድ ነገር ቢደርስብኝ ልጄን የጎዳኋት እኔው ነበርኩ። ግን እንድደብቅ ያደረገኝ ምን እንደሆነ እናንተም ብታስቡበት ደስ ይለኛል። ሴት የምትባረር ከመሰላት ሆዷን ትደብቃለች። የተደበቀ እርግዝና ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያስተማራችሁን ደግሞ እናንተ ናችሁ።

"ታዲያ ለምን አልጠበቅሽም?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ጠብቄያለሁ። መጀመሪያ ትዳር መጣ፣ ከዚያ ልጅ፣ ከዚያ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ከዚያ ሁለተኛው ልጅ። ነርስ የመሆን ሐሳብ ያደረብኝ ትልቋን ስወልድ ነው። ምጡ ሌሊቱን ሙሉ አልገፋ ብሎ፣ አንዲት ነርስ እጄን ይዛ ሳትለቀኝ አነጋችው። ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም። ያን ሌሊት አምስት ዓመት ያህል በልቤ ይዤው ቆይቼ ነው እናንተ ጋ የመጣሁት። "ልጆቹ ይደጉ" ብዬ ብቀመጥ ኖሮ እስካሁንም አልጀምርም ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታችን ልግባ።

ከፈተናው ልጀምር። ትንሿን የወለድኳት በመጋቢት አጋማሽ ነው። ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) የወጣው በወለድኩ በ11ኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ባለቤቴ ማመልከቻ ይዞ መጣ። ሜክአፕ የሚሰጠው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው ተባለ፤ ሆስፒታል ተኝቶ ለነበረ፣ ወይም የቅርብ ዘመድ ለሞተበት። እኔ ደግሞ በሰላም ስለወለድኩ በማግስቱ ነው ከሆስፒታል የወጣሁት፣ ስለዚህ "ተኝታ ነበር" አላስባለኝም። ለሐዘን ሜክአፕ አለ፣ ለወሊድ የለም። ይህን ደንብ የጻፈው ሰው ክፉ ነው አልልም። ሲጻፍ ከተማሪዎቹ መካከል የምትወልድ ትኖራለች ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፣ ይኸው ነው።

እናቴ ልታርሰኝ ከገጠር መጥታ ነበር። "የአራስ መቃብር እስከ አርባ ቀን ተከፍቶ ይቆያል፣ የት ነው የምትሄጂው?" እያለች በር ላይ ቆማ ለመነችኝ። ጆሮዬን በጥጥ ደፍና፣ ጋቢ አከናንባ ሸኘችኝ። ከጀሞ ሜክሲኮ በታክሲ፣ ከሜክሲኮ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ስፌቱ አልዳነልኝም ነበርና ወንበሩ ላይ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ጻፍኩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ የወለደች እናት መቼ መቼ በባለሙያ መታየት እንዳለባት የሚጠይቅ ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በስድስተኛው ሳምንት። ሙሉ ነጥብ አገኘሁበት። የራሴን የሁለተኛ ሳምንት ቀጠሮ ግን ለፈተናው ሳጠና አሳልፌዋለሁ።

እኔ አለፍኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያላለፈችም አለች። ከእኛ በፊት በነበረው ባች በኦፕራሲዮን የወለደች ተማሪ ነበረች። ለፈተናው መነሳት አልቻለችም። ኮርሱ ኤፍ ሆነባት፣ ኮርሱ ሌላ ኮርስ ይዞባት ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ቆመች፣ በዓመቱ ስትመለስ የከፈለችውን እንደገና ክፈዪ ተባለች። አንድ ሴሚስተር ከፍላ ሁለተኛውን አልቻለችም። አሁን ሰፈሯ ውስጥ ሱቅ ትሠራለች። ከተማሪዎቹ ሁሉ ደም ሥር ቶሎ የምታገኘው እሷ ነበረች፤ ሕፃን ልጅ ላይ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሲገባ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እንግዲህ ማስታወቂያችሁ የእሷን ታሪክ ለሁላችንም ደንብ አድርጎታል።

ሁለተኛው የአዳር ዱቲ ነው። በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያመኝ እሱ ነው።

ማስታወቂያውን አብራኝ ያነበበችው ልጅ ቀን ቀን በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እርጉዝ ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል፤ ትርፍ ሰዓትም ማሠራት አይቻልም። ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነክፍያው ፈቃድ ይሰጣታል። ስለዚህ አሠሪዋ ማታ ላሠራሽ ቢላት ሕግ ጥሷል። ያቺው ሴት፣ ያንኑ ሆድ ይዛ፣ ማታ ነጩን ጋውን ስትለብስ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት በሜዲካል ዋርድ ትቆማለች። ደመወዝ ሲከፈላት ሕግ አላት፣ ራሷ ከፍላ ስትማር የላትም።

ተማሪ ሠራተኛ ስላልሆነች አዋጁ እኛን አይመለከትም እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ አይመለከትም። ለእናንተ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ሕጉ ያልደረሰበትን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው የኮሌጁ የራሱ ደንብ ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በመንግሥትም በግል ተቋማትም ከወንዶች እኩል ተወዳዳሪና ተሳታፊ እንዲሆኑ ልዩ ትኩረት እንዲሰጣቸው ይላል። የግል ተቋም የሚለውን ቃል እኔ አልጨመርኩትም፣ እዚያው ተጽፏል።

እኔ ራሴ በጥር ወር የሰባት ወር እርጉዝ ሆኜ አድሬያለሁ። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ ብሎኝ ጠዋት በነጠላ ጫማ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የደም ግፊቴን አብራኝ የነበረች ተማሪ ለካችልኝ። ከፍ ብሎ ነበር። ለአታችመንት ተቆጣጣሪያችን ስነግራቸው "ሄደሽ ብትተኚ ቀሪ ነው የምጽፈው" አሉኝ። ሎግ ቡኬ (የተግባር ልምምድ መዝገቤ) ላይ ቀሪ ሦስት ከደረሰ አታችመንቱን እደግማለሁ። ቁጭ አልኩ። ነርሲንግ የምማር ሴት፣ ሆስፒታል ውስጥ ሆኜ፣ ግፊቴ ከፍ ማለቱን እያወቅኩ፣ ቀሪ እንዳይጻፍብኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ዛሬም ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል።

እዚህ ላይ የምለው አለኝ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ በሀገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት በአንጻሩ 412 እናቶች እንደሚሞቱ ተምረናል። ቁጥሩን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፤ ፈተና ላይ ይመጣላ። በደም ግፊት ምክንያት የሚሞቱትም እዚያ ውስጥ አሉበት። 

ሦስተኛው በሥራው ላይ ስላለው አደጋ ነው። እንድንፈርም የተጠየቅነው ፎርም ከመነሻው ይህን ይመለከታል፣ ኃላፊነቱን ግን ወደ እኛ ይገፋዋል። የሚያስፈልገን ፊርማ ሳይሆን ጥንቃቄ ነበር። በየካቲት፣ ስምንተኛ ወሬ ላይ፣ መርፌ ወጋኝ። ከአንድ ታካሚ ደም ቀድቼ መርፌውን ወደ ሴፍቲ ቦክስ ስከት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ደክሞኝ ነበር። የዋርዱ ነርሶች ይባረኩ፤ በሳሙናና በውሃ አሳጥበው ወዲያው ወደሚመለከተው ክፍል ወሰዱኝ። የታካሚው የኤችአይቪ ምርመራ ነፃ ሆነ። የጉበት ቫይረሱን ሄፓታይተስ ቢን ግን የጠየቀልኝ የለም፣ በራሴ ገንዘብ ውጭ ላብራቶሪ ተመርምሬ ነው ያወቅኩት። ሄፓታይተስ ቢ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ከተላለፈ ከአስር ሕፃናት በዘጠኙ ላይ ሥር የሰደደ ሕመም ሆኖ እንደሚቀር የምታውቁት ናችሁ። ክትባቱ ሦስት ጊዜ፣ በስድስት ወር ውስጥ የሚሰጥ ነው። ከክፍላችን አታችመንት ከመውጣቱ በፊት የተከተበ ተማሪ አንድ እንኳን አልነበረም። ይህ ለእርጉዝ ብቻ ሳይሆን ለወንዶቹም፣ ለሁሉም ነው። መርፌ የወጋው ተማሪ የት እንደሚሄድ፣ ለማን እንደሚናገር፣ ምርመራውን ማን እንደሚከፍል አንድ ወረቀት የለም።

ቲቢ ያለባቸው ታካሚዎች ክፍል እንድትገባ የተመደበች እርጉዝ ተማሪ ተራውን ልለውጥ ብላ ተከልክላለች። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተንቀሳቃሽ የራጅ ማሽን ሲመጣ እርጉዝ ያለሽ ውጪ ብሎ የሚጠይቅ አስተማሪ አለ፣ የማይጠይቅም አለ።

የቅድመ ወሊድ ክትትልም እንደዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከአራት ጊዜ ወደ ስምንት ጊዜ ከፍ አድርጎታል፣ እኛም ይህንኑ ነው የምንማረው። ጤና ጣቢያ ግን ካርድ የሚወጣው ጠዋት ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ አድረን የምንወጣበትም ሰዓት ያው ጠዋት ነው። አንድ ጠዋት ቀጠሮ ብሎ መቅረት አይቻልም። እኔ ለትንሿ ልጅ ስድስት ጊዜ ነው የታየሁት፤ የቀሩት ሁለቱ በአታችመንት የቀሩ ናቸው።

ስለ ማጥባት ደግሞ ልንገራችሁ። ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃ እንኳን ሳይጨመር፤ ይህን ለስንት እናቶች በጤና ትምህርት ሰዓት ቆሜ አስተምሬያለሁ። እኔ ከጀሞ 10 ሰዓት ላይ ወጥቼ ማታ 4 ሰዓት ነው የምመለሰው። ስድስት ሰዓት ማለት ነው። ሁለተኛው ፔሬድ ላይ ጡቴ ያጋታል፣ ይወጠራል፣ ጋውኔን አልፎ ደብተሬ ላይ ይንጠባጠባል። ሽንት ቤት ቆሜ አልቤ መታጠቢያው ላይ ደፍቼዋለሁ። ልጄ ቤት እያለቀሰች እኔ ወተቷን ውሃ ከፍቼ የማስወርድበት ቀን ብዙ ነው። ንጹሕ ቦታና ዕቃ ብቻ ቢኖረኝ በማግስቱ የምትጠጣው ነበር። በአራተኛ ወሯ የቆርቆሮ ወተት ጀመርኩላት። ያኔ ያለቀስኩትን ልቅሶ ለማንም አልተናገርኩም።

ከስኪል ላቡ ቀጥሎ የተሰባበሩ ወንበሮች የታጨቁባት ጠባብ ክፍል አለች። መስኮት አላት፣ መብራት አላት። የምንለምነው እሷን ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ መጋረጃ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። ፍሪጅ ካልተቻለ እኛው የበረዶ ዕቃ ይዘን እንመጣለን።

የልጅ ጉዳይ ላይ ከእናንተ ጋር ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ ልጅ መግባት የለበትም። ስኪል ላብም መርፌ ያለበት ቦታ ነው፣ አይገባ። ግን በክረምቱ አንዲት ተማሪ የቤት ሠራተኛዋ በድንገት ሄዳባት፣ ጎረቤቷም አልነበሩ፣ የአራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የበሩ ጥበቃ ደግ ሰው ናቸው፣ ልጁን ጎጇቸው ውስጥ ካፖርታቸውን አልብሰው እስከ ማታ 2 ሰዓት ተኩል አቆዩላት። ውጭ ይዘንባል። እሷ ከክፍል በየአስር ደቂቃው በመስኮት ታያለች። አሁን በማስታወቂያው ያቺም ጎጆ ተከልክላለች፣ እሳቸውም እንጀራቸው ነውና እንዴት ብለው እምቢ ይላሉ። ማታ ለሚማሩ እናቶች አንድ ክፍል ተለይቶ፣ እኛው ተራ ገብተን ወይም አዋጥተን አንዲት ጠባቂ ቀጥረን ልጆቻችንን ብናቆይ ኮሌጁ ላይ የሚወድቅ ወጪ የለም። ይህን ሐሳብ በተማሪዎች ተወካይ በኩል አቅርበን መልስ አላገኘንም።

እውነቱን ለመናገር ከአስተማሪዎቻችን መካከል የረዱን አሉ። አንዲት መምህርት በመጀመሪያው ሴሚስተር ሆዴን ገና ሳልናገር አውቀውት ነበር። ምንም ሳይሉ ወንበር አስመጡልኝ፣ ከባድ የማንሳት ልምምዱን ለሌላ ቡድን ሰጡት፣ እኔን ሰዓት እየያዝኩ እንድመዘግብ አደረጉኝ። ክትትል መሄጃ ጠዋት ሲሆን ቅዳሜ እንዳካክስ ፈቀዱልኝ። በሁለተኛው ሴሚስተር ግን ለቀው ሄዱ። በቦታቸው የመጡት ሰው ደግሞ እንደዚያ አይደሉም፣ የከለከላቸው ደንብ የለም፣ ያዘዛቸውም ደንብ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገባኝ ነገር ይህ ነው፤ ኮሌጃችን ውስጥ የእርጉዝ ተማሪ ዕጣ የሚወሰነው በደረሰባት አስተማሪ ጠባይ ነው። ጥሩ ሰው ከደረሳት ትማራለች፣ ካልደረሳት ታቋርጣለች። እኛ የምንለምነው ሁላችሁም ጥሩ ሰው እንድትሆኑልን አይደለም። አስተማሪው ማንም ይሁን ማን የሚሠራ፣ ተጽፎ የተፈረመ ደንብ እንዲኖር ነው።

የእናንተንም ጭንቀት አላጣሁትም። የአታችመንት ሰዓት ካልተሟላ የምትመረቀው ነርስ ሰው ልትጎዳ ትችላለች፤ ከማንም በላይ ይህን እኛ እንፈራለን፣ የራሳችን ልጆች ናቸው እዚያው ሆስፒታል የሚታከሙት። አንድ ሰዓት ይቀነስልን ያለ ሰው ከመካከላችን የለም። ይካካስ ነው የምንለው። እኛ ያላደርነውን አዳር የሚሸፍኑት የክፍላችን ልጆች ማማረራቸውም ትክክል ነው፣ እነሱም ቀን ሲሠሩ ውለው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ነፃ እንሁን ሳይሆን እንቀያየር፤ እኛ የበዓልና የእሁድ ቀን ዱቲ እንውሰድ፣ ከወለድን በኋላ የቀረንን አዳር እንመልስ። ይህን ለክፍላችን ልጆች አንድ ቀን ስናስረዳቸው ከአንድ ሁለቱ በስተቀር ሁሉም እሺ ብለዋል። ወንዶቹም ጭምር፤ እንዲያውም ባለፈው ወር ሚስቱ የወለደችለት አንዱ ልጅ "እኔም አንድ ሌሊት ቤቴ ባድር ደስ ባለኝ" ብሎ ሲናገር እንባው መጣ። የአባቶችም ነገር ስለተረሳ ነው እዚህ ያነሳሁት።

በመጀመሪያ ዓመት ስለ ነርሲንግ ታሪክ ስንማር የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ነገራችሁን። በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ሀገሯ ተመለሰች። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ፣ ነቀምት ላይ፣ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም አረፈች። መታሰቢያ ሆስፒታል በስሟ ተሠራ፣ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ያን ትምህርት ስማር ስድስተኛ ወሬ ላይ ነበርኩ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ነው ያዳመጥኩት። የዚህ ሙያ ታሪክ በሀገራችን ሲነገር ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ልጅ ልትወልድ ስትል የሞተች ነርስ ናት። ነርሲንግና እናትነት አብረው አይሄዱም የሚል ማስታወቂያ ሳነብ የመጣችብኝ እሷ ናት።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

በመጀመሪያ፣ የጥቅምቱ ማስታወቂያ ይነሳ። ቢያንስ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላችሁ እስክትነጋገሩ ድረስ ተግባራዊ አይሁን፤ በጥርና በየካቲት የሚወልዱ ሦስት ተማሪዎች አሁን ክፍል ውስጥ አሉ፣ ክፍያቸውንም ከፍለዋል።

ወሊድ ሜክአፕ ከሚያሰጡ ምክንያቶች ጋር ይጨመር። የትውልድ ማስረጃ ያቀረበች ተማሪ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሞልቷት ትፈተን።

ከስድስተኛ ወር ጀምሮ ያለች እርጉዝና ልጇ ስድስት ወር ያልሞላት እናት በቀን ዱቲ ትመደብ፣ የጎደላትን አዳር በኋላ ታካክስ። ይህ በሎግ ቡኩ ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ ቀሪ አይባል። ሕመም የተሰማት ተማሪ ወዲያው መታየት ትችል።

ቲቢ ክፍልና ራጅ ያለበት ቦታ እርጉዝ ተማሪ አትመደብ። ሁሉም ተማሪ፣ ወንዱም ሴቱም፣ አታችመንት ከመውጣቱ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት እንዲጀምር ኮሌጁ ያመቻች። መርፌ ለወጋው ተማሪ ምን እንደሚደረግ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይሰጠን። ፎርሙን ግን አንፈርምም።

ለክትትል ቀጠሮ የወጣች ተማሪ ካርዷን አሳይታ ሰዓቱን ታካክስ።

ከስኪል ላቡ ቀጥሎ ያለችው ክፍል ለሚያጠቡ እናቶች ትሰጠን። ማጽዳቱን እኛው እናጸዳለን፣ በዚህ ቅዳሜ እንኳን ዝግጁ ነን። ለልጆች ማቆያ ያቀረብነው ሐሳብም መልስ ይሰጠው።

በራሷ ፈቃድ ዓመቱን ልዝለል ያለች እናት ብትኖር የከፈለችው ይያዝላት። ሱቅ የምትሠራው ልጅም ብትፈልግ የመመለስ ዕድል ይሰጣት፤ አንድ ሴሚስተር የሚሆን ገንዘብ እኛም አዋጥተን መርዳት እንፈልጋለን።

ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን፣ ከኅዳር መጨረሻ በፊትም ከእኛ ጋር የምትነጋገሩበት አንድ ቀን እንድትቆርጡልን እንጠይቃለን። እኛ ከክፍል በፊት፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በፈለጋችሁት ቀን መምጣት እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ የማታ ተማሪና የሦስት ልጆች እናት፤
በክፍላችን ያሉትን ሦስት እርጉዝና ሁለት የሚያጠቡ ተማሪዎች ወክዬ

ግልባጭ፦
ለነርሲንግ ትምህርት ክፍል
ለአታችመንት አስተባባሪ
ለተማሪዎች ተወካዮች